አርባ አንድ ሰዓት

ቨርን ሃስኬልን ያወቅኩት በወንበር ተጣልተን ነው።

ጥር ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነበር፤ ሞንትፒሊየር፣ በአሜሪካ የቬርሞንት ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ፣ የፍትሕ ኮሚቴው ክፍል ውስጥ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አስራ አንዱ አባላት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሊሰማ የመጣው ሰው ደግሞ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ጉልበቱን ይሰበስባል። የቀረው አንድ ወንበር ነበር። ቦርሳዬን አስቀምጬበት፣ ደብተሬን ሥሩ ትቼ፣ ካፖርቴን ሰቅዬ ስመለስ አንድ ረጅም ሰውዬ ቦርሳዬን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል።

«ይሄ ቦርሳ የእርስዎ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ወንበሩም የኔ ነው» አልኩት።

ወዲያው ተነሣ። ሲነሣ ከጫማው ላይ የቀለጠው በረዶ ደብተሬ ላይ ተንጠባጠበ። ይቅርታ ጠይቆ ከበላዬ ቆመ። እኔም እርጥቡን ገጽ በመሐረብ አድርቄ መጻፍ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጎንበስ አለና፣

«አንቀጽ አራት ነው ያሉት። እርስዎ ሦስት ብለው ጽፈዋል» አለኝ።

ልክ ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል ይቅር አላልኩትም።

እዚህ ለኮሚቴ የተመራ ረቂቅ ሕግ ሁሉ በኮሚቴው ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰብሳቢዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ካላስቀመጠችው እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል፤ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የእኔ ሥራ ያንን ግድግዳ መጠበቅ ነበር። ቀደም ሲል የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራ ነበር። በኋላ አንድ የሐኪሞች ማኅበርና ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት በጋራ ቀጠሩኝና የጦር መሣሪያ ረቂቆችን እከታተልላቸው ጀመር። የትኛው ወረደ፣ የትኛው ተሻሻለ፣ ማን ምን አለ። በየቀኑ አንድ ገጽ እጽፍላቸዋለሁ። የራሴን ሐሳብ አልጨምርበትም።

ቨርንም ሥራው እንደኔው ነው፤ የሚሠራው ግን ለአዳኞች ክበብ ነበር። ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ ያስተማረ ሰው ነው። ሚስቱ ከተለየችው አስራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ የሚኖረው ብቻውን ነው።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ የጦር መሣሪያ ረቂቆች ነበሩ። ዘጠኙንም እኩል እከታተላለሁ እል ነበር። ልቤ ያለው ግን አንዱ ላይ ነው፤ ቁጥር 388። ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ የገዛ ሰው ዕቃውን እጁ ከማስገባቱ በፊት ሦስት ቀን ይጠብቅ ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ካለው ዓርብ በፊት በኮሚቴው ድምፅ ካልተሰጠበት የዚያ ዓመት ነገር አለቀ ማለት ነው።

ባሌ ሉሲየን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሽጉጥ ገዛ። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በገዛ እጁ ሞተ። ሰዓቱ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ስለነበር ቆጥሬዋለሁ። አርባ አንድ ሰዓት ነው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ታሞ ነው የሞተው እላለሁ። ውሸት አይደለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። 388 የሉሲየን ስም ሳይነሣ፣ የማንም ዓይን እኔ ላይ ሳያርፍ እንዲያልፍልኝ ነበር የምፈልገው።

ከቨርን ጋር ያስታረቀን ሾርባ ነው።

ኮሚቴው ቀጠሮውን በየሰዓቱ ይለዋውጣል። ጠዋት የተለጠፈው ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን ካፊቴሪያ ውስጥ የምስር ሾርባ ገና አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ ቨርን እያለከለከ መጣ። ግብር ላይ ይነጋገራሉ የተባሉት ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው የጠመንጃ ማከማቻውን ረቂቅ ከግድግዳው አውርደውታል። ሾርባዬን ጥዬ ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ስንወጣ ለምን እንደነገረኝ ጠየቅኩት። እኔ ባልኖር ለሱ ክበብ አይሻልም ነበር?

«እርስዎ ከሌሉ ስሕተቴን ማን ያርመዋል?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አንድ ሰው ብቻ የሰማው ነገር ወሬ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስማማን። ረቂቅ ሲወርድ ያየ ሰው ላላየው ይናገራል፤ የማንም ይሁን የማን፣ ማንንም ይጥቀም ማንን። መልእክታችን አንድ ቃል ብቻ ነበረች። «ወረደ።» ስልኬ ላይ ይህችን ቃል ሳይ ልቤ የሚመታው ለረቂቁ እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ስነግረው ቆየሁ።

ወንበር የቀደመ ለሌላው ይይዛል። የምክር ቤቱን ቡና ማንም እንደማይወደው እሱም ስለማይወደው በፔርሙስ ሻይ ይዞ መጣ፤ በሳምንቱ ሁለት ስኒ ይዞ መጣ። እንከራከር ነበር፤ እንዴት እንከራከር እንደነበር። እሱ የሚያስጨንቀው በአጋዘን አደን ሰሞን ጎረቤት ለጎረቤቱ ጠመንጃ ሲያውስ ወንጀለኛ እንዳይሆን ነው። እኔ ደግሞ አንቀጽ አውጥቼ አሳየዋለሁ። አንብቦ፣ «ይሄስ እውነት ነው» ይለኛል ያለ እልክ። የተሸነፈበትን ነገር በክበቡ ጋዜጣ ላይ እንደተሸነፈ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከሱ ሌላ አላየሁም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ዊኒ ዓይኗን ከኛ ላይ አታነሣም። እዚያ ቤት ሃያ ዓመት የሠራች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«የናንተ ጉዳይ ለየትኛው ኮሚቴ ነው የሚመራው?» አለችን አንድ ቀን፣ ሁለታችንም ባለንበት።

«ለግብርና» አላት ቨርን ቀና ሳይል። «ገና ዘር ነው።»

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። በአምሳ ሦስት ዓመቴ።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከተሞች ዓመታዊ ስብሰባቸውን የሚያደርጉበት ሳምንት ምክር ቤቱ ይዘጋል። ቨርን ወደ ክበቡ የሽሮፕ ማፍያ ቤት ጋበዘኝ። እምቢ ልለው አስቤ ነበር። መኪናዬን ጭቃው ውስጥ አስገብቼ፣ በእግሬ ዳገቱን ወጥቼ ራሴን እዚያ አገኘሁት።

ከሜፕል ዛፍ የተቀዳው ጣፋጭ ውኃ ሽሮፕ እስኪሆን በሰፊው መጥበሻ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ባለው ቀዳዳ ይወጣል። የክበቡ ሰዎች የማን ረቂቅ ተከታታይ እንደሆንኩ እያወቁ ዶናትና ኮምጣጣ ኪያር አቀረቡልኝ። አንዱ፣ «ቨርን፣ ጠላት ማርከህ መጣህ?» አለ። ቨርንም የተማረከው እሱ መሆኑን ነገራቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ኤርል ይሉታል፤ ምድጃው ውስጥ እንጨት የሚጨምር ሽማግሌ ነው። ትክ ብሎ አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ። ዓይን አፋር ሰው መስሎኝ ተውኩት።

ውጭ በረዶው ላይ ትኩስ ሽሮፕ አፍስሰን በሹካ እየጠቀለልን በላን። ጓንቴ ላይ የተጣበቀውን ቨርን በበረዶ ጠረገልኝ። ከጠረገ በኋላ እጄን አልለቀቀም።

«ኮሌት» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። «ይህ ክረምት ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

እጄን አልነጠቅኩትም። መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ግን ሉሲየንን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ምክር ቤቱ ሲከፈት የቀረን ሁለት ሳምንት እንኳ አልነበረም። 388 አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። በየጠዋቱ ገብቼ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ቨርን በዚያ ሰሞን ዝም ያለ ሰው ሆነ። ሻይ ሲቀዳልኝ ረዘም አድርጎ ያየኛል፤ ምን ሆነሃል ስለው ምንም ይላል። ከሽሮፑ ቤት በኋላ የተጸጸተ መሰለኝ። እኔም በበኩሌ ኮስተር አልኩ።

ሐሙስ ዕለት፣ ከመጨረሻው ዓርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኮሚቴው የእስር ቤት በጀት ሲያይ ይውላል ተብሎ ተለጠፈ። ካፊቴሪያ ወርጄ የቆዩ ገጾቼን ሳስተካክል አረፈድኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አልጮኸም።

ከምሳ በኋላ ዊኒ አጠገቤ ቆመች።

«ምነው ዛሬ ጠፋሽ?» አለችኝ። «388 ወርዶ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዩት ዋሉ እኮ።»

አዲሱን ረቂቅ ሰጠችኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሦስት ቀን የሚለው ተሰርዞ ሃያ አራት ሰዓት የሚል ገብቷል። የተቃወመ ሰው ነበረ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ማን ይቃወማል፣ አንቺ የለሽ፣ አለችኝ። ነገ ጠዋት ድምፅ ይሰጡበታል።

ቨርንን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ እኔ ስወጣ እሱ ሲወርድ። ፊቱ እንደ በዓል ቀን ነበር።

«ስፈልግሽ ነበር» አለኝ። «ያልፋል፣ ኮሌት። ክበቡ አይቃወምም። አንድ ቀን ይሁን እንጂ ያልፋል።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙን ነበር የጠሩት» አለ። «የሞቱትን አንድ በአንድ፣ በየከተማቸው፣ በየወሩ እያነበበ... እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሙ አፍንጫሽ ሥር ሆኖ፣ ያንን ቁጭ ብለሽ እንድትሰሚ አልፈለግኩም።»

«ለምን እኔን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ያ ሽማግሌ፣ ኤርል፣ የጦር መሣሪያ ሱቅ አለው። ለሉሲየን የሸጠለት እሱ ነው። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። በእንፋሎቱ መካከል ሲያየኝ ለየኝ፤ እኔ ከሄድኩ በኋላም ለቨርን እያለቀሰ ነገረው።

የደረጃውን መደገፊያ ያዝኩ።

«ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አስር ቀን።»

«አስር ቀን ሙሉ ሻይ እየቀዳህ ስታየኝ ነበር።»

«አንቺ ያላነሣሽውን እኔ እንዴት ላንሣው? ልረዳሽ ፈልጌ ነው። ሰብሳቢዋ በስንት ቀን ትስማማላችሁ ስትለኝ፣ የክበቡን ሰዎች በስልክ ለምኜ ነው አንድ ቀን ያሰኘኋቸው። ላንቺ ብዬ ነው። ግድግዳው ላይ እንዳይቀርብሽ።»

እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ነው የባሰ ያደረገው።

«አንድ ቀን ማለት ማክሰኞ ነው፣ ቨርን» አልኩት።

አልገባውም።

«ሰኞ ገዛ። ማክሰኞ ማታ አብረን እራት በላን። ድንች ጠብሼ ነበር፤ ጨው አንሶታል አለኝ። ማክሰኞ ሉሲየን በሕይወት ነበር። በአንድ ቀን ሕግ ያው ይሞታል። በሦስት ቀን ምናልባት... እንጃ፣ ምናልባት ብቻ። ያንን ምናልባት ነው እኔ በሌለሁበት የሸጥከው።»

ቨርን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰዎች በሁለታችን መካከል እየወጡ እየወረዱ ነበር። ትቼው ሄድኩ።

የዚያን ቀን ገጼን እንደ ወትሮው ጻፍኩ። ቁጥር 388 ከግድግዳው ወረደ፤ ሦስት ቀን የነበረው አንድ ቀን ሆነ፤ ነገ ድምፅ ይሰጥበታል። ሦስት መስመር። አንብቤ ስጨርስ ይህን ገጽ የምልክላቸው ሰዎች ሁሉ ደስ እንደሚላቸው ገባኝ። ከምንም አንድ ቀን ይሻላል ይላሉ። አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ዝም ካልኩ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዊኒ ጋ ሄጄ ቃል ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ስሜን እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። ብዕሯን ይዛ ቀረች። ክረምቱን ሙሉ የሌሎችን ቃል ስጽፍ እንጂ ስናገር አላየችኝም። ዝርዝሩ ትናንት ተዘግቷል አለችኝ፤ እያዘነች። የቀረው አንድ ተናጋሪ ነው፤ እሱም የአዳኞች ክበብ ሰው፤ ቨርን ሃስኬል።

ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል። አልተላጨም።

«ትናንት ሳልጠይቅሽ ወሰንኩልሽ» አለኝ። «ዛሬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ስሜን ሰርዤ ቦታዬን ልስጥሽ? ወይም፣ ይሄ የማትችይው ከሆነ፣ እኔ ገብቼ አንድ ቀን አይበቃም እላለሁ። ያንቺን ጉዳይ በአፌ አላነሣም። እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።»

«ክበቡስ?»

«እሱን ለኔ ተይልኝ።»

«አንተ ራስህ በሦስት ቀኑ ታምንበታለህ?»

አሰበ። እንደሚያስብ ሰው አሰበ፤ እንደሚያባብል ሰው አይደለም።

«አላውቅም» አለ። «አንድ ቀን ማክሰኞ መሆኑን ግን አሁን አውቃለሁ።»

የዊኒን ብዕር አየሁት።

«ሰርዘው» አልኩት።

ደብተሬን ለቨርን ሰጥቼ ገባሁ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሃትዌይ ስሜንና ከተማዬን እንድናገር ጠየቀችኝ፤ የሁሉም ሰው ቃል የሚጀምረው እንዲህ ነው። መቶ ጊዜ የሌሎችን ጽፌያለሁ። የራሴን ስናገር ድምፄን አላወቅኩትም።

ስለ ሉሲየን የተናገርኩት ጥቂት ነው። የድልድይ መሐንዲስ እንደነበር፣ በዚያ ክረምት እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር፣ ቀኖቹንና ሰዓቶቹን። የሱቁን ስም አልጠራሁም። ባለሱቁ ምንም ሕግ እንዳልጣሰ፣ በሕጉ መሠረት ማስጠበቅ የሚችልበት መንገድ እንዳልነበረው ተናገርኩ። አልቅሼ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አላለቀስኩም። ቁጥሩ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቅኩ ነበር።

ከሰሜን የመጡ፣ በአደን ያረጁ አንድ አባል እጃቸውን አነሡ። በዘጠኙም ረቂቆች ላይ ተቃውሞ ያሰሙ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ ቲቦ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ቢጠብቅ ኖሮ ባለቤትዎ ይተርፍ ነበር ብለው ያምናሉ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «በዚያው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። እኔ የምለው እዚያ ድረስ ይደርስ ነበር ነው።»

አንድም ሰው ወረቀት አላገላበጠም። አባሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሦስት ቀኑን ሊቀበሉ እንደማይችሉ ተናገሩ፤ በወረዳቸው ያሉትን ሰዎች ዓይን ማየት አይችሉም። አንድ ቀን የሚለውን ግን አሁን ጆሯቸው አልቀበል አለ። አርባ ስምንት ሰዓት ይባል ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

ስድስት ለአምስት አለፈ። ስድስተኛው ድምፅ የሳቸው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆጠርኩ። ከአርባ አንድ አርባ ስምንት። ሰባት ሰዓት ይተርፋል።

ቨርን መጥቶ ደብተሬን መለሰልኝ። ቃሌን በሱ ጽሑፍ እየጻፈልኝ መስሎኝ ነበር። ገጹ ላይ ያለው ግን እንዲህ የሚል ብቻ ነው። «ኮሌት ቲቦ ተናገረች። አስራ ሁለት ደቂቃ። መጻፍ አልቻልኩም።»

«ገና ተቀይሜሃለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ ልታዝንልኝ ስትፈልግ አስቀድመህ ጠይቀኝ።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

ክበቡ በሰኞው አሰናበተው። ያጣው ነገር ቢኖር የመኪና ማቆሚያ ቦታውን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ረቂቁ ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲሻገር፣ ማንም ሳይከፍለው እየመጣ ወንበር ይዞልኝ ይቆይ ነበር። በየጠዋቱም መልእክት ይልክልኛል።

«ዛሬ ትንሽ ላዝንልሽ እችላለሁ?»

«ዛሬ አይቻልም» እለዋለሁ።

«ነገስ?»

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ዝናባማ ቀን «ይቻላል» ብዬ ጻፍኩለት። መጥቶ በረንዳዬ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቤ ተቀመጠ። የሽማግሌውን የኤርልን አድራሻ ጠየቅኩት፤ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩለት። የጻፍኩት በኔና በሱ መካከል ይቅር።

ግንቦት ላይ አገረ ገዢው ፈረሙ። ቁጥር 388 ቁጥሩን ጥሎ ሕግ ሆነ። የመጨረሻዋን ገጽ ጽፌ ላክኩ።

ሐምሌ ሲገባ ቨርንን አንድ ነገር እንዲያግዘኝ ጠራሁት። ጋራዡን ልከፍት ነበር። ሉሲየን የሞተው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ቨርን መክፈቻውን አልተቀበለኝም። አጠገቤ ቆሞ ጠበቀ። ራሴ ከፈትኩት።

አቧራ ነበር። የሉሲየን መሣሪያዎች፣ የሉሲየን የዝናብ ካፖርት፣ ከጣሪያው ላይ በገመድ የታሰረችው ታንኳ። ታንኳዋን አውርደን አጠብናት። ሉሲየን የዘፈን ግጥም መያዝ የማይችል፣ ስለዚህ እየቀዘፈ የራሱን ቃል እየፈጠረ የሚዘፍን ሰው እንደነበር ነገርኩት። ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ ድመት ፍራቻው፣ ጎረቤቶቻችንን በቅጽል ስም እንደሚጠራቸው። ለአራት ዓመት ስለ ሞቱ ብቻ ሳስብ ሰውየውን ረስቼው ነበር። ቨርን ስለ ድመቱ ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ሉሲየን ይወደው ነበር አልኩ በልቤ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ቨርን ታንኳዋን ይዞ ቆመ።

«የት ልቀመጥ?» አለኝ።

የኋላው ቦታ የሉሲየን ነበር። ቨርን ይህን እንደገመተ ከዓይኑ አየሁ።

«ከኋላ» አልኩት። «እኔ ከፊት ሆኜ እየመራሁ እሄዳለሁ።»

ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። ከዳር ትንሽ እንደራቅን ዕንባዬ መጣ። በኮሚቴው ፊት ያልመጣው፣ በቀብሩ ላይ ያልመጣው። ጀርባዬን ነው የሚያየው፤ ትከሻዬን ግን መደበቅ አልቻልኩም። ቨርን መቅዘፉን አቆመ።

«ወደ ዳር ልመልሳት?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «ቅዘፍ።»

ቀዘፈ። እስኪወጣልኝ ድረስ ቀዘፈ። መሐል ሐይቁ ላይ ስንደርስ ፊቴን በውኃው ታጠብኩ።

«ቨርን» አልኩት ሳልዞር። «አንድ ሐሳብ ላቀርብ ነው።»

«እየሰማሁ ነው።»

«በመስከረም እንጋባ።»

መቅዘፉን አቆመ። ከመቅዘፊያው ጫፍ ውኃ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማኛል።

«ማሻሻያ ይቀበላል?» አለኝ በመጨረሻ፤ ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ምን ዓይነት?»

«በነሐሴ።»

ታንኳ ላይ መዞር አደገኛ መሆኑን ሉሲየን ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። ቢሆንም ዞርኩ። ታንኳዋ ተወዛወዘች፤ ቨርን ሁለቱን ጎኖቿን ያዘ፤ እኔም እጆቹን ያዝኩ።

በነሐሴ ተጋባን።